የጠዋት ጭማቂና የማታ ኪኒን

መስከረም 18

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፤

ይህች ወረቀት ስትደርስሽ ጤናሽ ሙሉ፣ ቤትሽ ሞቃት፣ አለቃሽም ደግ ሆኖ ይጠብቃት። እኔ ሁለቱን ጆሮዎቼን ካልቆጠርሻቸው ደህና ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሎኮሞቲቭ ፊሽካ ስለበላቸው፣ ስልክ ብትደውዪልኝ የምሰማው የራሴን ትንፋሽ ነው። ስለዚህ በዚህ ዘመን ደብዳቤ የሚጻጻፉ ሁለት ሰዎች ቀርተናል። የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ በእኛ ምክንያት ነው ከሥራ ያልተቀነሰው እየተባለ ይወራል፤ ሲያየኝም ከወንበሩ ይነሣል።

የላክሽልኝ የደም ግፊት ኪኒን ደርሷል፤ ሦስቱም እሽግ። መዋጥ ከጀመርኩ ስድስት ሳምንት ሆነኝ። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሰሞኑን ጠዋት ስነሣ ወለሉ ትንሽ ይዘገያል። እኔ ቆሜ እሱ ገና ይነሣል። በዚህ ጣቢያ ባቡር ካለፈ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል፤ ነገር ግን ጡረታ ስወጣ ቤቱን ስላልወሰዱብኝ፣ አሁንም የጣቢያ ሹም እንደሆንኩ ጠዋት ወጥቼ መድረኩ ላይ እቆማለሁ። ስቆም ሐዲዱ እንደተኛ ሰው ደረት ከፍ ዝቅ ይላል። ብርሃኑ ወተት ጠብ ያለበት ይመስላል። ክፉ ነገር እንዳይመስልሽ፤ ደስ ይላል። እርጅና ይህ ከሆነ ሰው በከንቱ ሲፈራው ኖሯል።

በተረፈ ሁሉም ነገር እንደ ባቡሩ በጊዜ ሰሌዳ ነው። ጠዋት በአንድ ሰዓት ጭማቂ፣ ማታ በአንድ ሰዓት ኪኒን፣ በመካከል ጋዜጣ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ጫማ። አርባ አንድ ቁጥር ነበርኩ፣ አርባ ሦስት ላኪልኝ። ያለኝ ጫማ ጠበበ። ቆዳ ሲያረጅ ይሰፋል እንጂ ይጠባል ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከክፉ ይጠብቅሽ፣
አጎትሽ


ጥቅምት 2

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ፤

ሰላምታዬ መንገድ ላይ ሳይቀዘቅዝ እጅዎ ይግባ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራዬ ያው ነው፤ እዚህ በሰው አገር፣ በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ ነጭ ጋውን ለብሼ የመድኃኒት ጠርሙስና እሽግ ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ። «ከምግብ በኋላ»። «ከመጠጣትዎ በፊት ይወዝውዙ»። «መኪና አይንዱ»። ስምንት መቶ ሰው ሳዝ ውዬ ቤቴ ስገባ ድመቷ እንኳ አትታዘዘኝም።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ጥቅል መጣልን። ቢጫ ክብ ወረቀት ነው፤ ለሁለት የተከፈለ ፍሬ ተሥሎበት በላዩ ቀይ መስመር ተሰምሯል። ፍሬው ግሬፕፍሩት ነው፤ ብርቱካን መስሎ ከብርቱካን የሚተልቀው፣ መራራው። ቁጭ ብዬ ስለጥፍ፣ ስለጥፍ፣ መቶ ያህል ከለጠፍኩ በኋላ እጄ ላይ ያለው እሽግ ለእርስዎ የምልከው ዓይነት መሆኑን አየሁ።

«ጭማቂ» ብለዋል፤ የምን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። በየእሽጉ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አለ፤ በሰማያዊ እስክሪብቶ ያሰመርኩበትን አንብበውታል? እባክዎ ይህን ብቻ ቶሎ ይመልሱልኝ።

ጫማውን ልኬያለሁ። ግን ጋሼ፣ እግርዎ በስልሳ ስምንት ዓመቱ ማደግ የጀመረበትን ምክንያት አላጫወቱኝም።

አክባሪዎ፣
የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 3

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ ብዙ ነው፤ ከዘገየሁበት ቀን ጋር ቢመዛዘን አያፍርም። ለመዘግየቴ ፖስታ ቤቱን ሰበብ ላደርግ እችል ነበር፤ ግን ጸሐፊው ይቀየመኛል። የዘገየሁት ስላመነታሁ ነው።

ወረቀቱን አንብቤዋለሁ። በመነጽርም ያለ መነጽርም። ፍሬውና መድኃኒቱ አንድ ላይ እንዳይሆኑ ነው የሚለው። ሁለት ነገር እንዳይገናኝ ማድረግ ደግሞ የዕድሜ ልክ ሥራዬ ነው። በነጠላ ሐዲድ ላይ የሚመጣውንም የሚሄደውንም ባቡር ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተላልፍ አንድ ቀን አልተጋጩብኝም። ዘዴው አንዱ ሐዲዱን ሳይለቅ ሌላውን አለማስገባት ነው። ለእነዚህ ለሁለቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሰጠኋቸው። የመንገደኛውና የጭነቱ ባቡር እንኳ ይህን ያህል ክፍተት አግኝተው አያውቁም።

አዎ፣ ጭማቂው የግሬፕፍሩት ነው። የምትጨምቀው ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጆቿ ርቀዋል፣ ግቢዋ ውስጥ አንድ ዛፍ አለ። ፍሬውን ከመራራነቱ የተነሣ ሌባ እንኳ አይነካውም። ጠዋት በአንድ ሰዓት በአጥሩ ላይ ብርጭቆ ታቀብለኛለች።

«ይጠጡ፣ ደም ያጠራል» ትለኛለች።

«ይመራል» እላታለሁ።

«ጣፋጭ ቢሆን ለእርስዎ ይተርፍ ነበር?» ትለኛለች።

ብርጭቆውን እመልሳለሁ፣ እሷም ትገባለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስንነጋገር አንድ ቀን አልሰለቸኝም። የእሷን ንግግር ደግሞ እሰማለሁ፤ ማለቴ ከንፈሯን አነባለሁ። ዕድሜዋን ሁሉ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ስላወራች፣ ቃሏን አንድ በአንድ ለይታ ነው የምታወጣው።

እንግዲህ እይው፤ ፍሬው የቆየ ነው፣ እንግዳው ኪኒኑ ነው። ቦታ መልቀቅ ካለበት እንግዳው ይልቀቅ አላልኩም፤ ለሁለቱም ሰዓት ሰጠኋቸው።

ባለፈው ሐሙስ መድረኩ ላይ ሳለሁ ባቡር መጣ። ድምፅ አልነበረውም፤ ይህ በእኔ ጆሮ አያስገርምም። የሚያስገርመው በየመስኮቱ ውሃ የሞላ መምሰሉ ነው፤ ብርሃኑ ከውስጥ ይዋኛል፣ መንገደኞቹም ጋዜጣቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው ቀስ ብለው ያልፋሉ። በሰሌዳው ላይ የሌለ ባቡር ማሳለፍ ለሹም ባይፈቀድም፣ አረንጓዴውን ባንዲራ ላነሣ እጄን ዘረጋሁ። ነቃ ስል አጥሩን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜአለሁ።

ጫማው ደርሷል፣ እጅሽ ይባረክ። ጠዋት ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ ግን እንቢ ይላል። ከኋላው ክፍት የሆነ ነጠላ ጫማ ብታገኚልኝ ደስ ይለኛል።

አጎትሽ


ኅዳር 14

ጋሼ፤

ሰላምታውን ለሌላ ቀን ላቆየው፣ ይቅር ይበሉኝ። ነጠላ ጫማው ከዚህ ጋር ተልኳል።

ደብዳቤዎን ለአለቃዬ፣ ለመድኃኒት ቀማሚው፣ ተርጉሜ አነበብኩለት። ዝምተኛ ሰው ነው፤ በቀን አሥር ቃል ከተናገረ በዓል ነው። ስጨርስ መነጽሩን አወለቀና «አጎትሽ ብልህ ሰው ነው፤ ክፉኛ ተሳስቷል» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሬውና ኪኒኑ አይጋጩም። መገናኘትም አያስፈልጋቸውም። አንጀት ውስጥ በረኛ አለ ብለው ያስቡ። የሚገባውን መድኃኒት ይፈትሻል፤ ከመጣው ውስጥ ብዙውን እዚያው በሩ ላይ አፍርሶ ያስቀረዋል። ኪኒኑን የሠሩት ሰዎች ይህን ያውቃሉ፤ የኪኒኑን መጠን የወሰኑት በረኛው የሚያስቀረውን አስበው ነው። ፍሬው የሚያደርገው ይህን በረኛ ማባረር ነው። ሌላ በረኛ ተተክቶ ሥራውን በደንብ እስኪይዝ አንድ ቀን አይበቃም፤ እስከ ሦስት ቀን ይሄዳል። እርስዎ ደግሞ በየጠዋቱ በአንድ ሰዓት፣ በሰሌዳ፣ ያባርሩታል። ማታ ኪኒኑ ሲደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ቤቱ ጠባቂ የለውም። አንድ ኪኒን ይውጣሉ፣ የሁለትና የሦስት ኪኒን ያህል ይገባብዎታል።

ወለሉ የሚዘገየው፣ እግርዎ የሚያብጠው፣ ያ ባቡር የመጣው ለዚህ ነው። እርጅና አይደለም። የደም ግፊትዎ ከልክ በላይ እየወረደ ነው፤ ይህ ደግሞ ሰው ይገድላል።

ጭማቂውን ዛሬውኑ ያቁሙ። አሥራ ሁለት ሰዓት ቀርቶ ሃያ አራትም አይበቃም። ኪኒኑን ግን በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ፤ ይህን ደብዳቤ ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱና እሱ ይወስን።

ኪኒኑን የላክሁት እኔ ነኝ ጋሼ። ሌላ ምን እንደምጽፍ አላውቅም።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 26

ለማላውቅሽ ልጄ፤

ጤና ይስጥልኝ። ጽሕፈቴ እንደ ስፌቴ ቀጥ ያለ ባለመሆኑ አትታዘቢኝ። እኔ የአጎትሽ ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊዋ ነኝ። አድራሻሽን ያገኘሁት ከአሮጌ ፖስታ ጀርባ ነው።

አጎትሽ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ብርጭቆውን ተቀብለው ጠጡ። ሊመልሱልኝ እጃቸውን ሲዘረጉ «አጥሩ ወዴት ሄደ?» አሉና ወደቁ። አጥሩ የትም አልሄደም። አሁን ሆስፒታል ተኝተዋል። ግንባራቸው ስድስት ቦታ ተሰፍቷል፤ አየሁት፣ እኔ ብሆን ስምንት አደርገው ነበር።

ሐኪሙ ግፊታቸው ለምን እንዲህ እንደወረደ አልገባኝም ይላል። ኪኒናቸውን በግማሽ ቀነሰው፤ ያም ሆኖ አልነሣ አለ። እሳቸው አልጋው ላይ ሆነው ፈገግ ይላሉ፤ ጣሪያው ላይ ዓሣ እንደሚያልፍ ነገሩኝ። እኔም እሺ፣ ስንት ዓሣ ነው አልኳቸው። ሰባት አሉ።

አንቺ ግን ሐሳብ አይግባሽ፤ ብቻቸውን አልተውኳቸውም። በቴርሞስ ጭማቂውን አመጣላቸዋለሁ። ድሮ አንድ ብርጭቆ ነበር፤ አሁን ስለደከሙ ጠዋትም ማታም አደረግሁት።

ደብዳቤሽ ከአንድ እሽግ ጋር ትናንት ደርሷል። ለጊዜው ፊደል ስለሚዋኝባቸው ወደ ሆስፒታል አልወሰድኩትም፤ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ አኑሬዋለሁ። አልከፈትኩትም። የሰው ደብዳቤ መክፈትና የሰው ኪስ መግባት ለእኔ አንድ ነው። ሲሻላቸው ያነቡታል።

ደህና ሁኚ ልጄ።


ቴሌግራም፣ ታኅሣሥ 2

ሆስፒታል፣ የወንዶች ክፍል፣ የጣቢያ ሹሙ አልጋ አጠገብ ለሚቀመጡት ልብስ ሰፊ

ጭማቂውን ያቁሙ። ደብዳቤዬን ይክፈቱ። ለሐኪሙ ያንብቡለት። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።


ታኅሣሥ 22

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፤

በሁለት እግሬ ቆሜ፣ በሚቆም ወለል ላይ፣ ሰላም እልሻለሁ።

ከሆስፒታል ከወጣሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። የሆነውን በቅደም ተከተል ልንገርሽ። ቴሌግራምሽ ሲደርስ ልብስ ሰፊዋ ከአልጋዬ አጠገብ የልብስ ቁልፍ ትተክል ነበር። አነበበችው፣ ልብሱን አስቀመጠች፣ ወጣች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደብዳቤሽን ይዛ ተመለሰች፤ የሄደችው በእግሯ ነበር መሰለኝ፣ ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ሐኪሙን በጋውኑ እጅጌ ጎትታ አመጣችውና ቆማ አነበበችለት። እኔም ከንፈሯን ተከትዬ ሰማሁ። በረኛው የሚባረርበት ላይ ስትደርስ ቴርሞሱን አየችው። ከዚያ ቀጠለች።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ ሐኪሙ።

«ምን መድኃኒት ይወስዳሉ አልከን፣ ነገርንህ» አለችው። «ምን ፍሬ ይበላሉ ብለህ ጠይቀሃል?»

ሐኪሙ ጨዋ ልጅ ነው፤ «አልጠየቅሁም» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየአልጋው እየዞረ ይጠይቃል ሲሉ ሰማሁ።

ቴርሞሱን መታጠቢያው ውስጥ ደፋችው። በሦስተኛው ቀን ዓሦቹ ሄዱ። በአምስተኛው ወለሉ ከእኔ ጋር እኩል ተነሣ። አሁን ሐዲዱ ብረት ነው፣ ብርሃኑም ብርሃን ነው፣ እግሬ አርባ አንድ ቁጥር ገብቷል። አትቀየሚኝና፣ ያ ድምፅ የሌለው ባቡር አንዳንዴ ይናፍቀኛል። ገዳዬ እንደነበር አውቃለሁ፤ ቢሆንም አመጣጡ ያምር ነበር።

ሐኪሙ ከፍሬው ጋር ጸብ የሌለው ሌላ ዓይነት ኪኒን አለ ብሎኛል፤ እስኪገኝ ድረስ ጭማቂ በዞረበት እንዳልዞር አዟል። እኔም አልዞርኩም። መዞር ብፈልግም የሚዞርበት የለም፤ ልብስ ሰፊዋ እኔ ከሆስፒታል ከወጣሁበት ቀን አንሥቶ ወደ አጥሩ አልመጣችም። መጋረጃዋ ተዘግቷል። ደንበኞቿ ሲገቡና ሲወጡ አያለሁ፤ እሷን አላይም። ፍሬው እየበሰለ ይወድቃል፣ ማንም አያነሣውም።

አሁን እውነቱን ልጻፍልሽ፤ የጀመርኩትን ልጨርስ። ወረቀቱን ባነበብኩ ቀን ማቆም እንዳለብኝ ልቤ ነግሮኝ ነበር። ሰሌዳውን ያወጣሁት ሁለቱን ለማራራቅ ነው ብዬ ጻፍኩልሽ። እውነት ለመናገር ያወጣሁት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አጥሩ ጋ የምቆምበት ምክንያት እንዳይጠፋብኝ ነው። «ጭማቂሽን ተይው» ብላት «እሺ» ብላ ትገባለች፤ ከዚያ ምን አወራታለሁ? ለዚህ ስል ልሞት ነበር፤ ይባስ ብሎም በእሷ እጅ።

ደጇ ልሄድ እፈልጋለሁ። ባዶ እጄን እንዴት እሄዳለሁ? ልብስ ሰፊ የምትደሰትበት ነገር እዚያ ቢገኝ ላኪልኝ፤ ጥሩ መቀስ፣ ወይም ክር። የምታውቂው አንቺ ነሽ።

አጎትሽ


ጥር 4

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ፤

በቆመ ወለል ላይ ለቆመ ሰው የሚገባው ሰላምታ ሁሉ ይድረስዎ። ደብዳቤዎን ምድር ቤት ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። አለቃዬ ፊቴን አይቶ «ተረፈ?» አለኝ። «ተረፈ» አልኩት። ከዚያ ሁለታችንም ወደ ሥራችን ተመለስን፤ ለእሱ ይህ ረጅም ጨዋታ ነው።

መቀስ አልላክም። ክርም አልላክም። ይህ ደብዳቤ እንዳዩት እሽግ የሌለው ነው፤ ስጽፍልዎ እንዲህ ባዶውን ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። አራት ዓመት ሙሉ በየደብዳቤው አንድ ነገር እየጠቀለልኩ የላክሁት ለምን እንደሆነ ሰሞኑን አሰብኩት። ኪኒን ከላክሁ መምጣት የሚቀርልኝ ይመስለኛል። እሷ ደግሞ ብርጭቆ ካቀበለች አጥሩን መሻገር የሚቀርላት ይመስላታል። እርስዎም ጭማቂውን ከጠጡ መናገር የሚቀርልዎ ይመስልዎታል። ሦስታችንም በደንብ ተረዳድተናል።

የቴሌግራም ጸሐፊው «ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም» የሚለውን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር «ይህ ባይኖርስ? ትእዛዙ ያለ እሱ ይገባል» ብሎኝ ነበር። አይወጣም አልኩት። ከጻፍኩላት ሁሉ እሷ ያላመነችው ግን እሱን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በቴሌግራም የሚታመን ነገር አይደለም። ሰው ደጃፏ ድረስ ሄዶ፣ በሕይወት ቆሞ፣ ሊነግራት ይገባል።

ምንም ሳይይዙ ይሂዱ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 24

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ፤

እንኳን ደህና ዋልሽ፤ የትም ብትሆኚ ደህና ዋይ።

ሰኞ ጠዋት ሄድኩ። በአጥሩ ላይ ከእኔ ቤት እስከ እሷ ቤት አሥራ አንድ እርምጃ ነው። በመንገዱ ዞሮ ለሚሄድ ሰው ሦስት መቶ አርባ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ፣ ምክንያቱም እጄ ሥራ ስላልነበረው አእምሮዬ መሥራት ነበረበት። አንኳኳሁ። ከፈተችልኝ፤ በከንፈሯ ሦስት መርፌ ይዛለች።

«ምን ይዘው መጡ?» አለች በመርፌዎቹ መካከል።

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

መርፌዎቹን አንድ በአንድ አውጥታ ደረቷ ላይ ሰካቻቸው። «ልገድልዎ ነበር እኮ» አለች።

«በሰሌዳ ነበር የሚገድሉኝ» አልኳት። «አንድ ቀን አልዘገዩም።»

አልሳቀችም። ዓይኗ ግንባሬ ላይ ነበር፤ ስፌቱ ጠባሳ ሆኗል። እኔም የምናገረው ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሦስት መቶ አርባ እርምጃ ሙሉ አዘጋጅቼዋለሁ። ጠፋብኝ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት። «መጠጣት እንደሌለብኝ አንብቤ ነበር። ወደ አጥሩ መምጣት እንዳይተዉ ፈርቼ ደበቅሁዎት።»

ይህን ስትሰማ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ከዚያ «እንግዲያው ግባ» አለችኝ።

ገባሁ። ዛፉን ላስቆርጠው ነው አለች፤ እሱ ምን አደረገ አልኳት። ኪኒን የማይውጥ ሰው ይብላው ተባባልን። አሁን ደንበኛ ሲመጣ ወገብ እየለካች «ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ትላለች። ሰዎቹ የልብሱን ልክ የሚለውጥ እየመሰላቸው በዝርዝር ይነግሯታል። ምንም የማይወስዱትን ሁለት ሁለት ፍሬ ታስይዛቸዋለች፤ የሚወስዱትን ሐኪምሽን ጠይቀሽ ተመለሽ ብላ በባዶ እጃቸው ትሸኛቸዋለች። እኔን ደግሞ ጥግ ላይ ወንበር ሰጥታኛለች።

ጽሕፈቴ ሲንቀጠቀጥ አይተሽ እንዳትደነግጪ። ግፊቴ ደህና ነው፣ ትናንት ተለክቷል። ይህን የምጽፍልሽ በእሷ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እሷም በዚሁ ጠረጴዛ ላይ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ነው።

አጎትሽ